የተንቀሳቃሽ ኃይል ማከማቻ አመዛዘን፤ ለቤት መጠባበቂያና ከመስመር ውጭ ላለ አገልግሎት



በገበያ ቋንቋ ፓወር ስቴሽን የሚባለው ተንቀሳቃሽ የኃይል ማከማቻ፣ ባትሪን፣ ኢንቨርተርን፣ ቻርጅ ማድረጊያንና የመቆጣጠሪያ ሰሌዳን በአንድ ሳጥን ውስጥ አዋህዶ የያዘ፣ በእጀታው ተይዞ ከክፍል ወደ ክፍል ሊወሰድ የሚችል መሣሪያ ነው። ኢንቨርተር ማለት በባትሪው የተከማቸውን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈሰውን ጅረት ማለትም ዲሲውን፣ የቤት ዕቃዎች ወደሚሠሩበት ተለዋዋጭ ጅረት ወይም ኤሲ የሚቀይር ክፍል ነው። የዚህ ዲስኩር ፍሬ ነገር፣ እንዲህ ያለው መሣሪያ መመዘን ያለበት በገዢው ቤት ፍላጎት እንደ ሆነ፣ ምዘናውም መጠናቀቅ ያለበት በልኬት እንደ ሆነ ማስረዳት ነው። በሳጥኑ ላይ የታተመው ቁጥር የምዘናው መነሻ ሊሆን ቢችልም፣ ከዚያ ቁጥር ውስጥ ምን ያህሉ ለቤተሰቡ እንደሚደርስ የሚያሳየው ሥራ ላይ የዋለ መሣሪያ ብቻ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ አድማጭ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በመቀነሱ ኤሌክትሪክ በፈረቃ ሲታደል፣ የወፍጮ ቤቱም፣ የጸጉር ቤቱም፣ የተማሪውም ሰዓት በፈረቃው ልክ ተሸንሽኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ የማመንጨት አቅም በእጅጉ አድጓል፤ ከ5,000 ሜጋዋት በላይ ማመንጨት የሚችለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይሁን እንጂ በግድቡ የመነጨው ኃይል ቤት የሚደርሰው በከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መስመር፣ በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በሰፈር ትራንስፎርመርና በምሰሶ በኩል አልፎ ስለ ሆነ፣ ነፋስ የጣለው አንድ ምሰሶ ወይም ከአቅሙ በላይ የተጫነ አንድ ትራንስፎርመር ሙሉ ሰፈርን በጨለማ ሊያሳድር ይችላል። መስመሩ ገና ያልደረሰለት የገጠር ነዋሪም እጅግ ብዙ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ሁለት ዓይነት ተጠቃሚ አለው፤ አንደኛው መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ሰዓታት የሚገለገልበት የከተማ ቤተሰብ ሲሆን፣ ሁለተኛው በየዕለቱ ከፀሐይ የሚሞላውና ሌላ ምንጭ የሌለው፣ ከመስመር ውጭ የሚኖር ሰው ነው። የሁለቱ ፍላጎት የተለያየ ስለ ሆነ ሚዛኑም ሊለያይ ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ያለባቸው ሁለት መለኪያዎች ዋትና ዋት-ሰዓት ናቸው። ዋት በአንድ ቅጽበት የሚወጣውን የኃይል መጠን ሲለካ፣ ዋት-ሰዓት ደግሞ በጊዜ ብዛት ተደምሮ የሚወጣውን ጠቅላላ ጉልበት ይለካል። በውኃ ቢመሰል፣ ዋት-ሰዓት የሮቶው ስፋት፣ ዋት ደግሞ ከሮቶው የሚወጣው ቧንቧ ውፍረት ነው። ትልቅ ሮቶ በቀጭን ቧንቧ ብዙ ጊዜ ያጠጣል እንጂ በአንድ ጊዜ ብዙ አያፈስም። በርካታ ሻጮች ሁለቱን ቁጥሮች እያቀላቀሉ ስለሚናገሩ፣ «የሺህ ዋት ነው» የተባለ መሣሪያ የማከማቸት አቅሙ አምስት መቶ ዋት-ሰዓት ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አቅሙን ለማረጋገጥ የባትሪውን ቮልት በአምፔር-ሰዓቱ ማባዛት ይበቃል። 51.2 ቮልትና 20 አምፔር-ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ 1,024 ዋት-ሰዓት ይይዛል ማለት ነው። ይህ በገበያ ላይ የተለመደ መጠን በመሆኑ ቀጥሎ ላሉት ስሌቶች እንደ ምሳሌ ይወሰዳል።

ትክክለኛው ምዘና በአንድ ወረቀት ላይ፣ መብራት ሲጠፋ ሊቆሙ የማይገባቸውን ዕቃዎች ከመዘርዘር ይጀምራል። በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት፣ ማለትም ለስድስት ሰዓት መብራት ቢጠፋበት፣ እያንዳንዳቸው 9 ዋት የሚወስዱ አምስት የኤልኢዲ አምፖሎች 270 ዋት-ሰዓት፣ 10 ዋት የሚወስድ የኢንተርኔት ራውተር 60 ዋት-ሰዓት፣ 70 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን በሦስት ሰዓት 210 ዋት-ሰዓት፣ 50 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕም በሦስት ሰዓት 150 ዋት-ሰዓት ይፈልጋሉ፤ ሁለት ስልኮችን ለመሙላት 30 ዋት-ሰዓት ሲጨመር ድምሩ 720 ይሆናል። በወረቀት ላይ 1,024 ዋት-ሰዓት የሚይዘው መሣሪያ ከ300 በላይ የሚተርፈው ይመስላል። ቤተሰቡ በዚያ ተማምኖ በአማካይ 45 ዋት የሚወስድ ማቀዝቀዣ ቢጨምርበት ተጨማሪ 270 ዋት-ሰዓት ስለሚያስፈልግ ድምሩ 990 ይደርሳል፤ ይህም አሁንም ከ1,024 በታች ነው። በተግባር ግን ቤቱ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ይጨልማል፤ ምክንያቱም ኢንቨርተሩ ዲሲን ወደ ኤሲ ሲቀይር የጉልበቱ ከፊል በሙቀት መልክ ይባክናል። ከባትሪው 85 በመቶው ለዕቃዎቹ ይደርሳል ተብሎ ቢታሰብ፣ የሚገኘው 870 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። እንግዲህ ይህ መሣሪያ የመጀመሪያውን ዝርዝር በምቾት ይሸከማል፤ ማቀዝቀዣው ሲጨመር ግን አንድም ቴሌቪዥኑ ወይም ላፕቶፑ መቀነስ፣ አንድም ሰፋ ያለ መሣሪያ መገዛት አለበት።

ብክነቱ ሌላም መልክ አለው። ኢንቨርተሩ ምንም ዕቃ ባይሰካበት እንኳ በርቶ እስከቆየ ድረስ በራሱ የሚበላው ኃይል አለ፤ ይህ የባዶ ፍጆታ ሊባል ይችላል፤ በብዙ መሣሪያዎችም ከ10 እስከ 20 ዋት ይደርሳል። ትልቅ ዕቃ ሲሰካ የባዶ ፍጆታው ድርሻ አነስተኛ በመሆኑ አይታወቅም፤ ትንሽ ዕቃ ብቻ ሲሰካ ግን ጎልቶ ይወጣል። ለምሳሌ 10 ዋት የሚወስደው ራውተር ብቻውን ቢሰካ፣ በሳጥኑ ላይ በታተመው አቅም ስሌት መቶ ሰዓት ያህል ሊሠራ ይገባው ነበር፤ የባዶ ፍጆታው 15 ዋት ከሆነ ግን ከባትሪው የሚወጣው 25 ዋት ስለሚሆን በ41 ሰዓት ገደማ ያልቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። የብዙ ራውተሮች አስማሚ ላይ 12 ቮልት ዲሲ የሚል ጽሑፍ ይገኛል፤ እንዲህ ያለው ራውተር ከኤሲው ሶኬት ተነቅሎ በመሣሪያው የ12 ቮልት መውጫ በቀጥታ ቢሠራ፣ ኢንቨርተሩን አጥፍቶ ጉልበቱን ማዳን ይቻላል። ስለዚህ መሣሪያው ዲሲ መውጫዎች እንዳሉትና ኤሲው ለብቻው ሊጠፋ እንደሚችል ማረጋገጥ ከምዘናው ነጥቦች አንዱ ነው።

ከአቅም ቀጥሎ የሚመዘነው የመውጫው ኃይል ነው። እንደ ማቀዝቀዣና የውኃ ፓምፕ ያሉ ሞተር ያላቸው ዕቃዎች በሚነሡበት ቅጽበት ከወትሮ ፍጆታቸው ብዙ እጥፍ የሚሆን ኃይል ይጠይቃሉ። ማቀዝቀዣው ሲሠራ 120 ዋት ብቻ ቢወስድም፣ መጭመቂያው ሲነሣ ደካማ ኢንቨርተርን ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ በመሣሪያው መግለጫ ላይ የዘወትር ኃይልና የመነሻ ኃይል ተለይተው መጻፋቸው ሊታይ፣ ከዚያም በራሱ በቤቱ ማቀዝቀዣ ሊፈተን ይገባል። በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ስለሚወስድ፣ የዘወትር ኃይሉ ከዚህ በታች የሆነ መሣሪያ ፈጽሞ አይሸከመውም፤ ኃይሉ ቢበቃ እንኳ 870 ዋት-ሰዓት ምጣዱን ሊያሠራ የሚችለው ለሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ምጣድን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃንና የውኃ ማሞቂያን ከዚህ መሣሪያ መጠበቅ አይገባም። ሙቀት የሚያመነጩ ዕቃዎች ሁሉ ጉልበት በላተኞች ናቸው፤ ለእነርሱ የተለየ መላ ያስፈልጋል።

የኤሌክትሪኩ ጥራትም በምዘናው ውስጥ ይገባል። የመስመር ኤሌክትሪክ ሞገድ ሳይን ዌቭ የሚባል ለስላሳ ቅርጽ አለው። ርካሽ ኢንቨርተሮች ግን ደረጃ ደረጃ የሆነ ሻካራ ሞገድ ስለሚያወጡ ሞተር ያለልክ ሊሞቅ፣ የድምፅ መሣሪያም ሊያጉረመርም ይችላል። የቮልቱ መጠን ደግሞ በተለይ ዕቃ ከውጭ ለሚላክላቸው ቤተሰቦች ከፍ ያለ ትርጉም አለው። በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ሲሆን፣ ኸርዝ ማለት ጅረቱ በሴኮንድ የሚመላለስበት ብዛት ነው። በአሜሪካ ለአገሬው ገበያ የተሠራ መሣሪያ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ስለሚያወጣ የኢትዮጵያን ማቀዝቀዣ አያሠራም፤ መግቢያው ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነም በቀጥታ በ220 ሲሰካ ይቃጠላል። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤል ወይም ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የሚመጣው በ230 ቮልትና በ50 ኸርዝ የሚሠራ በመሆኑ የሶኬት ቅርጽ ልዩነት ቢኖርም ይስማማል። የሳዑዲ ዓረቢያው ግን 60 ኸርዝ ስለ ሆነ ተለይቶ መታየት አለበት። ዘመድ በሻንጣ ይዞት እንዲመጣ ማሰብም አይጠቅምም። በዓለም አቀፍ የበረራ ደንብ መሠረት መንገደኛ ያለ ልዩ ፈቃድ ይዞት ሊሳፈር የሚችለው እስከ 100 ዋት-ሰዓት፣ በአየር መንገዱ ፈቃድ ደግሞ እስከ 160 ዋት-ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ ነው። ባለ 1,024ቱ ከዚህ ከስድስት እጥፍ በላይ በመሆኑ፣ በአደገኛ ዕቃ ደንብ ተመዝግቦ በጭነት ብቻ መላክ አለበት።

የመሣሪያውን ዕድሜ የሚወስነው በዋናነት የባትሪው ኬሚስትሪ ነው። የሊቲየም-አዮን ባትሪ በሶኒ ኩባንያ አማካኝነት እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ለዚህ ሥራ መሠረት የጣሉት ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ዛሬ በኃይል ማከማቻዎች ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዝርያዎች ናቸው፤ አንደኛው ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት የያዘው ሲሆን፣ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በጉድኢናፍ የቴክሳስ ቤተ ሙከራ የተገኘው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ነው። የፊተኛው በክብደት ቀላል ነው፤ የኋለኛው ከበድ ቢልም ሙቀትን በተሻለ ይቋቋማል፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። ዕድሜ የሚለካው በዑደት ሲሆን፣ አንድ ዑደት ባትሪው ሞልቶ እስኪያልቅ ድረስ ከተጠቀሙበት በኋላ ተመልሶ እስኪሞላ ያለው ነው። የፊተኛው አቅሙ ወደ 80 በመቶ እስኪወርድ 500 ዑደት ገደማ፣ የኋለኛው ደግሞ 3,000 ዑደት ያገለግላል ተብሎ ቢታሰብ፣ ባለ 1,024ቱ መሣሪያ ብክነቱና የአቅሙ መቀነስ ተቆጥሮ በመጀመሪያው ዓይነት ባትሪ 390 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ፣ በሁለተኛው 2,350 ገደማ በዕድሜው ዘመን ይሰጣል። ዋጋውን ለዚህ ቁጥር ማካፈል ከተለጠፈው ዋጋ ይልቅ እውነተኛውን ወጪ ያሳያል።

በዚህ ስሌት ላይ አንድ ማስተዋል ያስፈልጋል። ከመስመር ውጭ የሚኖረው ሰው በየዕለቱ አንድ ዑደት ስለሚጠቀም 3,000 ዑደት ስምንት ዓመት ያህል ያገለግለዋል፤ ለእርሱ የዑደቱ ብዛት የኑሮው ጉዳይ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ መብራት የሚጠፋበት የከተማ ቤተሰብ ግን ያንኑ ዑደት ለመጨረስ ወደ 29 ዓመት ስለሚያስፈልገው፣ ባትሪው ከዚያ በፊት በዕድሜ ብቻ ያረጃል። ስለዚህ ይህ ቤተሰብ ለዑደት ብዛት ተጨማሪ ገንዘብ ከሚከፍል ይልቅ ለጥበቃው ቢያስብ ይሻላል። የሊቲየም ባትሪ በሙቀት ውስጥ ሞልቶ ሲቀመጥ ይበልጥ ያረጃል፤ ፈጽሞ ባዶ ሆኖ ሲቀመጥም ይጎዳል። ለረጅም ጊዜ የማይሠራበት ከሆነ ግማሽ ያህል ተሞልቶ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ሊቀመጥ፣ በየጥቂት ወሩም ሊታይ ይገባል። በአፋርና በጋምቤላ ቆላ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ስለሚችል ቻርጁ በጥላ ሥር መሆን አለበት። ውርጭ በሚጥልበት ደጋ ደግሞ ባትሪውን ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ ውስጡን ስለሚጎዳ፣ ማለዳ ላይ ሳይሞቅ መሙላት አይገባም።

መሣሪያው ከመስመር ሲሞላ ፍጥነቱ በተለይ በፈረቃ ጊዜ ወሳኝ ነው። በ500 ዋት የሚሞላው ባለ 1,024ቱ ከሁለት ሰዓት ጥቂት በላይ ሲፈልግ፣ በ100 ዋት የሚሞላው ከአሥር ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ መብራቱ ለአራት ሰዓት ብቻ የሚመጣ ከሆነ የኋለኛው ሁልጊዜ በከፊል ባዶ ይሆናል። ከመስመር ወደ ባትሪ የሚሸጋገርበት ፍጥነትም ይታያል፤ አብዛኞቹ በ10 እና በ30 ሚሊሴኮንድ መካከል ይሸጋገራሉ፤ ኮምፒውተር ሳይጠፋ እንዲቆይ ከ20 ባይበልጥ ይመረጣል። ብዙ ገዢዎች የማያስተውሉት ነገር ቢኖር፣ መስመሩ በርቶ ሳለ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ኤሌክትሪኩን ሳያስተካክሉ እንዳለ ወደ ዕቃዎቹ ማሳለፋቸው ነው። ቮልቱ በሚዋዥቅበት ሰፈር ከመሣሪያው በፊት ስታብላይዘር ካልተደረገ፣ ማከማቻው ማቀዝቀዣውን ከመዋዠቅ ያድናል ብሎ መተማመን ስሕተት ነው።

ከመስመር ውጭ ላለው ተጠቃሚ የባትሪው ስፋት ብቻውን ትርጉም የለውም፤ በየዕለቱ የሚሞላው የፀሐይ ኃይል ከሚወጣው ማነስ የለበትም። 200 ዋት የተጻፈበት ሶላር ፓኔል በአምስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ 1,000 ዋት-ሰዓት ይሰጣል ቢባልም፣ በሙቀት፣ በአቧራና በገመድ ብክነት ምክንያት 700 ቢገኝ መልካም ነው፤ በክረምት ደመና ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ስሌቱ በበጋ ሳይሆን በሐምሌና በነሐሴ ቀናት መሠራት አለበት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ተንቀሳቃሽ ፓኔል ያለው ሰው በዚያ ወቅት ወደ ሰሜን፣ በቀሪው ጊዜ ወደ ደቡብ ዘንበል ቢያደርገው ይጠቀማል። ፓኔሎች በተከታታይ ሲቀጠሉ ቮልታቸው ይደመራል። መግቢያው ቢበዛ 60 ቮልት የሚቀበል ከሆነ፣ ያለ ጭነት 24 ቮልት የሚሰጡ ሁለት ፓኔሎች 48 ስለሚሆኑ ይስማማሉ፤ ሦስተኛው ሲጨመር 72 ደርሶ መሣሪያውን ያበላሻል። የክትባት ማቀዝቀዣን በዚህ ዓይነት መሣሪያ ላይ መመሥረት ግን አይገባም፤ ለዚያ ተግባር የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ያሟሉ፣ በቀጥታ በፀሐይ የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች አሉ።

ደኅንነትን በተመለከተ መሣሪያው ከጄኔሬተር የሚሻልበት ትልቅ ብልጫ አለው። ጄኔሬተር፣ እንደ ከሰል ሁሉ፣ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ስለሚያወጣ ቤት ውስጥ ሊሠራ አይችልም፤ ማከማቻው ግን ጭስ የለውም። ቢሆንም አየር ማስተላለፊያው ሳይሸፈን፣ ከመኝታና ከመውጫ በር ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ያበጠ ወይም ያለልክ የሚሞቅ ባትሪ አገልግሎት ላይ መዋል የለበትም። ከሁሉ የከፋው አደጋ መሣሪያውን በግድግዳ ሶኬት አማካይነት ወደ ቤቱ መስመር መልሶ መስደድ ነው። ጅረቱ በቆጣሪው አልፎ ወደ ውጭ ከወጣ፣ መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ዕቃዎቹ በቀጥታ ወይም በጥሩ ዲቫይደር ከመሣሪያው ይሰኩ፤ መላውን ቤት ማገናኘት የፈለገም መስመር መለያ ማብሪያ በባለሙያ ያስገጥም።

ይህ ሁሉ የሚረጋገጠው በልኬት ነው፤ ልኬቱም ውድ ቤተ ሙከራ አይፈልግም። በሶኬትና በዕቃ መካከል የሚሰካ አነስተኛ የዋት መለኪያ ይበቃል። በመጀመሪያ መሣሪያው ፈጽሞ ባዶ ከሆነበት እስኪሞላ ከግድግዳው የወሰደው ዋት-ሰዓት ይመዘገባል። ከዚያ 100 ዋት ገደማ የሚወስድ ቋሚ ጭነት ተሰክቶ፣ መሣሪያው በራሱ እስኪጠፋ ድረስ የሰጠው ዋት-ሰዓት ይነበባል። 1,200 ወስዶ 870 ከሰጠ፣ ከተከፈለበት ኤሌክትሪክ 72 በመቶ ገደማ ተመልሷል ማለት ነው። ሙከራው በ500 ዋት ጭነት ሲደገም የሚሰማው የማራገቢያ ድምፅና የሚወጣው ሙቀት ደካማ አሠራርን ያጋልጣሉ። በመጨረሻም ማቀዝቀዣው ተሰክቶ መጭመቂያው ደጋግሞ ሲነሣ ይታያል፤ ኮምፒውተር እየሠራ ሳለም የግድግዳው መሰኪያ ይነቀላል። ይህ ሙከራ ዋስትናው ሳያልቅ፣ ቢቻልም ከመግዛት በፊት በሻጩ ሱቅ መደረግ አለበት።

ለማጠቃለል፣ ማከማቻው ለሁሉም ቤት የሚመከር አይደለም። መብራትና ራውተር ብቻ የሚበቃው ቤተሰብ በአነስተኛው ይረካል። በአንድ ቦታ ጸንቶ ብዙ ጭነት የሚፈልግ ቤት፣ ለየብቻ ከተገጠመ ባትሪና ኢንቨርተር በተመሳሳይ ገንዘብ የበለጠ ሊያገኝ ይችላል። የሚንቀሳቀስ ሥራ ያለው፣ የተከራየው ቤት ግድግዳ ሊነካ የማይችል፣ ወይም ባለሙያ በቅርብ የማያገኝ ሰው ግን ከተንቀሳቃሹ ብዙ ይጠቀማል። ገዢዎች ዝርዝራቸውን ይዘው ወደ ሱቅ ቢሄዱና መለኪያ ይሰካልን ብለው ቢጠይቁ፣ ሻጮችም ለቤት ዕቃ የሚደርሰውን ዋት-ሰዓት ከአቅሙ ጎን ለይተው ቢጽፉ፣ ደረጃ አውጪ ተቋማትም ይህን ግዴታ ቢያደርጉት፣ ብዙ ቤተሰብ ላብ አፍስሶ ያጠራቀመው ገንዘብ በትልቅ ቁጥርና በትንሽ አገልግሎት መካከል አይባክንም።